ብቻውን የሚያጥባት መኪና

ክንዱ መኪናዋን ሲያጥብ ሚስቱን «አንቺ ግቢ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ማለት የጀመረው ከጥምቀት ወዲህ ነው።

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በቤታቸው አልነበረም። ክንዱ የነጋዴ እህል አመላልሶ፣ አቧራ ለብሶ ቡሬ ሲገባ፣ ሀብትነሽ እንስራዎቹን ከጓዳ አውጥታ፣ እንዶዱን ወቅጣ ደጅ ትጠብቀው ነበር። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎማው ይጀምራል፤ እሷ እንግዳ እጅ እንደምታስታጥብ ሴት ጎንበስ ብላ፣ በቅል እየጨለፈች ቀስ አድርጋ ታፈስለታለች። አንዳንዴ ሆን ብላ ጎማውን ትታ እግሩ ላይ ትለቅበታለች።

«አንቺ! እኔን ነው መኪናዋን?»

«አቧራ የበዛበትን ማስቀደሜ ነው።»

ሳቃቸው ከአጥር አልፎ ጎረቤት ይሰማል። ሰርግ ላልተደገሰላቸው ለነዚህ ባልና ሚስት ያቺ ሰዓት ሰርጋቸው ነበረች።

መኪናዋ ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ሞተሯ ተቃጥሎ ደምበጫ አጠገብ መንገድ ዳር ወድቃ የቀረች ነበረች። ክንዱ ከጦርነቱ በፊት ደብረ ማርቆስ የአንድ መኰንን ሾፌር ረዳት ሆኖ ሥራውን ለምዶ ነበርና፣ አባቱ ያወረሱትን በቅሎ ሰጥቶ ወሰዳት፤ ክረምቱን ሙሉ ሲፈታታትና ሲገጣጥማት ከርሞ አስነሣት። በዚያ በ1932 ዓ.ም. የራሱን መኪና የሚነዳ የቡሬ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ወንዝ ዳር አቁሞ ማጠብ አይቻልም፤ ከመንገድ ወጥቶ የቆመ ሾፌር ከሽፍታ ጋር ሲነጋገር ነው ተብሎ ይታሰራል። ስለዚህ መኪናዋ የምትታጠበው እግቢ ውስጥ፣ ከምንጭ በጀርባ በመጣ ውሃ ነው። ውሃውን የምታመጣው ደግሞ ሀብትነሽ ናት።

የሀብትነሽ አባት ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ አገር ባለርስት ናቸው። ወንድሟ ላቀው ጣሊያን በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ክንዱ ሽማግሌ በላከ ጊዜ መልሱ የመጣው ከአባትየው አልነበረም፤ ከዱር ነበር።

«ጣሊያን በጠረገው መንገድ መኪና ለሚነዳ ባንዳ እህቴን አልሰጥም። ካገባችው እህት የለችኝም። እሱንም መንገድ ላይ ካገኘሁት ጥይት አልሰስትለትም።»

አባትየው የልጃቸውን ቃል አጸኑ። ሀብትነሽ ግን አንድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ብትዞር የምታየው የተዘጋ በር እንደሆነ አውቃ አልዞረችም። እናቷን ሞት፣ አባቷንና ወንድሟን ይህ ትዳር ነጥቋታል። የቀራት ያ ግቢና ያ ሰው ነው። ቅናቷን እንግዲህ እንደ ሌላዋ ሴት ቅናት ልናየው አይገባም። ሌላዋ ብትካድ የምትመለስበት ደጅ አላት።

መጀመሪያ «ግቢ» ያላት ቀን ደስ ብሏት ገባች። ያዘነላት መስሏት ነበር። በሌላው ጊዜ ደግሞ «ግቢ» ሲላት ቅሉን አልሰጥም አለችው፤ እሱም ከእጇ ወሰደው። ሲወስደው ዓይኗን አላየም። ሀብትነሽ ቤት ገብታ በግድግዳው ስንጥቅ ተመለከተች። ከጎማው መጀመሩን ትቷል። ሸራውን ገልጦ የጭነቱ ወለል ላይ ወጥቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሳንቃውን አንድ በአንድ ይፈትጋል። ከዚያ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ስፖንዳ፣ የጭነቱን መከለያ ሳንቃ፣ በመዳፉ ያብሳል፤ አብሶ ያሸተዋል፤ ደግሞ ያብሳል።

ምን ያለ ነገር ነው፣ ሰው እንጨት የሚያሸተው?

*

የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ እህተ ማርያም ይባላሉ። ደግ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከደግነታቸው ቀድሞ ይደርሳል።

«ሀብትነሽ፣ ዛሬም ብቻውን ነው እንዴ የሚያጥባት?» አሉ ከአጥሩ ማዶ።

«ደክሞሻል ብሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«ደክሞሻል! እኔን ባሌ ዕድሜዬን ሙሉ ደክሞሻል ብሎኝ አያውቅም። ያለኝ ዕለት ዕቃዬን እሰበስብ ነበር።»

«ምነው እትዬ?»

«ምነው ማለትሽ ልጅነትሽ ነው። ወንድ ልጅ ድካምሽ የሚታየው ሌላ ቦታ ያረፈ እንደሆነ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወጀት አንዲት አደይ የምትባል ጠጅ ሻጭ አለች አሉ።»

ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ናት፤ ክንዱ እህል የሚያደርሰው ወደዚያ ነው።

«ሾፌር ሁሉ እሷ ዘንድ ነው አሉ የሚያርፈው። ጠጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል አሉ። እኔ እንግዲህ አላየሁም፤ አሉ ነው።»

ሀብትነሽ ሳቀችላቸው።  እሷ ጠጉሯ ከትከሻዋ አያልፍም።

በማግስቱ ክንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲስም መኪናዋ ላይ ወጣች። የምትፈልገውን ሳታውቅ ትፈልግ ነበር። ከጋቢናው ጀርባ ባለው ስፖንዳ ላይ፣ ሰው ተቀምጦ ራሱን በሚያስደግፍበት ቁመት፣ ክብ የቅቤ ወዝ አለ። በእንዶድ ተፈትጎ ያልለቀቀ፣ ሲያሸቱት ኮሰረት ኮሰረት የሚል፣ የራስ ቅቤ። ከሳንቃው ስንጥቅም አንድ ጠጉር ተሰንቅሮ ወጣላት። በጣቷ ጠመጠመችው። ጠመጠመችው፤ አላልቅ አላት።

ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ይልቅ የሴትዮዋን መልክ መሥራት ጀመረች። ቀይ ናት? ጠይም ናት? ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? በዚህች መኪና ተጭና ስትሄድ ነፋሱ ጠጉሯን ሲበትንባት ክንዱ ዞር ብሎ ያያታል? ሀብትነሽ በዚህች መኪና ተጭና አታውቅም። «ሰው ያይሻል፣ የወንድምሽ ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው» እያለ ከልክሏት፣ ውሃ ከማፍሰስ በቀር አልነካቻትም።

የሌለችን ሴት እንዲህ አድርጎ በዓይኑ ሥር ያቆመ ልብ ሁለተኛ አያስተኛም።

*

ሲመሽ ጥጧን ትፈትላለች፤ ክንዱ የጫማውን ጠፍር ይሰፋል። ስንት ቀን ያብሰለሰለችውን አንድ ጊዜ አወጣችው።

«ወጀት ውስጥ ጠጉረ ረጅም ሰው ታውቃለህ?»

ወስፌው ከእጁ ወደቀ። ነፍሷን የወጋት ይህ ነው። «ምን ትያለሽ» ብሎ ቢስቅ፣ ቢቆጣ፣ ቢሰድባት እንኳ ታርፍ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ በሩን ከፈተና ግራ ቀኝ አይቶ መልሶ ዘጋው።

«ይህን ነገር ለማን አወራሽው?»

«ለማን ላውራው? እናት አለኝ? አባት አለኝ? ወንድም አለኝ?»

«ሀብቴ፣ እትዬ እህተ ማርያም ያውቃሉ?»

«ይኸው እንግዲህ! ሰው እንዳይሰማ ነው ጭንቀትህ። እኔ መስማቴስ?»

አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። እጇን ሊይዝ ፈልጎ፣ እንዝርቱ ስላለባት የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«በእመቤቴ በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ፤ ይህን አትጠይቂኝ። አንድ ቀን እኔው ራሴ እነግርሻለሁ።»

«መቼ? ስትወልድልህ?»

 በክንዱ ፊት ላይ ሳቅ ይሁን ሐዘን ያልለየ ነገር አለፈ። ከዚያ ተነሥቶ ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ሁለቱም ሌላው እንደነቃ እያወቁ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ እንደ ሁለት አገር ሰው ተኙ።

*

የካቲት የኪዳነ ምሕረት ዕለት ማኅበሩ በሀብትነሽ ቤት ነው። ጠላውን ጠምቃ፣ ጋኑን አፉን ከድና ጨርሳለች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ግቢውን ስትጠርግ እትዬ እህተ ማርያም አጥሩ ላይ ብቅ አሉ። የዛሬው ፊታቸው ጨዋታ የለበትም።

«ልጄ፣ ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ዋልኩ። ባለፈው ገበያ የክንዱ መኪና ላይ፣ ሸራው በነፋስ ሲገለጥ፣ አንዲት ሴት ጋቢ ተከናንባ ተጋድማ ታየች አሉ። ጠጉሯ ብቻ ወጥቶ። ነገሩ ሹሞቹም ዘንድ ደርሷል አሉ፤ ሰው ምን ይላል?»

ሀብትነሽ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ጓዳ ገብታ፣ ጠዋት ከምንጭ ያመጣችውን እንስራ ተሸክማ ወጣችና መሬት ላይ ደፋችው። ሁለተኛውንም ደፋች። ሌላውንም። የመጠጥ ውሃ እንኳ አላስቀረችም። ደረቁ የየካቲት መሬት ውሃውን ግጥም አድርጎ ጠጣው። እንስራዎቹን ሁሉ አፋቸውን ደፍታ፣ ከበር ሲገባ እንዲያያቸው በር ላይ ደረደረቻቸው።

ብዙ አልቆየም፣ መኪናዋ እየጮኸች መጣች። ክንዱ እንደ ወትሮው «እንደምን ዋልሽ» አላለም። ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወርዶ ወደ እንስራዎቹ ሮጠ። አንዱን አነሣ፤ ሌላውን አነሣ።

«ውሃው የት አለ?»

«ደፋሁት።»

«ምን አደረግሽው?»

«ደፋሁት አልኩህ! ዛሬ በምን እንደምታጥብላት ልይ ብዬ ነው። ጠረኗን ይዘህ እደር!»

እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቁጣውን ጠበቀች። እንዲመታት እንኳ ሳትፈልግ አልቀረችም። ክንዱ ግን መኪናዋ መወጣጫ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አመድ በመሰለ ፊት አያት። እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም፤ ያየችው ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም ለራሱ አይመስልም።

«ሀብቴ» አለ ቀስ ብሎ። «እህሉን ሳራግፍ ነጋዴው መሐመድአወል ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ግራዝማች ሃይለ ሚካኤል ስለ መኪናህ እየጠየቀ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትህ ይመጣል አለኝ። ለማጠብ ነበር የበረርኩት።» ተነሥቶ ሞተሩን አጠፋና ሸራውን ገለጠው። «ነይ። እይ።»

ሀብትነሽ ወጣች። ጨሌ፣ ሻሽ፣ የወደቀ ማበጠሪያ ለማየት ነበር የተዘጋጀችው። ያየችው ደም ነው። ሳንቃው ደም ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በስንጥቁ ውስጥ ገና ያልደረቀ አለ። ስፖንዳው ላይ ያ ክብ የቅቤ ወዝ፣ ከሥሩም እፍኝ የሚሞላ ረጅም ጠጉር ከደም ጋር ተጣብቆ።

«ገደልካት?» አለች።

«ኧረ በስማም! ሴት አይደለችም።»

«ጠጉሩስ?»

«በዚህ ዘመን ጠጉር የሚያሳድገው ሴት ብቻ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ዓይኗ ተገለጠ። ዱር የገቡት ሰዎች አገራቸው ነፃ እስክትወጣ ምላጭ ራሳችንን አይነካውም ብለው መማላቸውን፣ ጎፈሬያቸውን ቅቤ እየቀቡ ማሳደጋቸውን በጎጃም የማያውቅ ሕፃን የለም። እሷም ታውቃለች። ቅናት ግን የሚታወቀውን ነገር ሁሉ ከሰው ራስ አውጥቶ፣ በምትኩ አንዲት ጠጅ ሻጭ ያስቀምጣል።

«ቁስለኛ ነው? ማነው?»

ክንዱ ሸራውን ይበልጥ ገለጠላት።

«ክንዱ፣ ማነው?»

አሁንም አልመለሰም። ዓይኑን ግን ከዓይኗ አልነቀለም። በዚያ አስተያየት ውስጥ «አንቺው ጥሪው» የሚል ልመና ነበር። ሀብትነሽ ወደ ደሙ አየች። ጠጉሩን አነሣች። ትንሽ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ጫፉ የሚጠቀለል ነው። ይህን ጠጉር ልጅ ሳለ ቅማሉን ስታይለት የኖረች እሷ ናት።

«ላቀው?»

ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ሞተ?»

«በሕይወት አለ። ጭኑን ነው። ወጌሻ እጅ ገብቷል።»

ከሩቅ፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ፣ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ምንጩ ታች ገደሉ ሥር ነው፤ ደርሶ መመለስ አይታሰብም። ሀብትነሽ ጠጉሩን ብብቷ ውስጥ ወሸቀችና ወርዳ ወደ ጓዳ ሮጠች። ተመልሳ ስትወጣ ገንቦ በጉያዋ ይዛለች፤ ሽታው ቀድሟት ወጣ።

«የማኅበሩ ጠላ ነው!» አለ ክንዱ።

«ኪዳነ ምሕረት ራሷ ታየኛለች። ፈትግ!»

ቸለሰችው። ጠላው ሳንቃው ላይ አረፋ ደፍቆ ተንፈቀፈቀ፤ ክንዱ ፈተገ፤ ቀይ ሆኖ በስፖንዳው ሥር ተንጠፈጠፈ። እየተመላለሰች አመጣች። ጋኑ ሲያልቅ አተላውን በእፍኟ ዝቃ በየስንጥቁ ለጠፈችው። የደሙን ጥቁረት የአተላው ጥቁረት ዋጠው። እጆቻቸው በየመካከሉ ይጋጫሉ፤ አንዱም ሌላውን አላየም።

*

«ክንዱ! አለህ?»

ግራዝማች ሃይለ ሚካኤል በፈረሳቸው፣ ሁለት ባንዳዎች አስከትለው ከበሩ ደረሱ። ማዕረጋቸውን የሰጣቸው ጣሊያን ነው፤ ጨዋ መስለው መናገር ያውቃሉ፣ ጥርሳቸው ግን አያስተማምንም።

ክንዱ «አቤት» ሊል አፉን ሲከፍት ሀብትነሽ የመጨረሻውን ገንቦ ደረቱ ላይ ደፋችበት።

«ይኸውልህ! ጠጣ! ከሷ ጋር ጀምረህ የመጣኸውን እዚህ ጨርሰው!»

«ምንድን ነው ጉዱ?» አሉ ግራዝማች ፈረሳቸውን እየገቱ።

«ይፍረዱኝ፣ ጌታዬ! ሹም አይደሉም? ይፍረዱኝ!» ነጠላዋ ወድቆ፣ ጠላ በጠላ ሆና ከፈረሱ እግር ሥር ተደፋች። «አባቴን ትቼ፣ ወንድሜን ክጄ የመጣሁለት ሰው ነው። ጠጉረ ረጅሟን በመኪና ጭኖ ሲዞር አገር ሁሉ አይቶ እኔ ብቻ ቀረሁ!»

ግራዝማች ዓይናቸው ጠበብ አለ። «ጠጉረ ረጅም ነው ያልሽ? ሴት ለመሆኗ ምን ምስክር አለሽ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ መነኩሴ? አደይ ናት! የወጀቷ ጠጅ ሻጭ! ጠጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል! የኔ አይወርድም፤ ምን ላድርግ፣ አይወርድም!»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ!» አሉ እትዬ እህተ ማርያም ከአጥሩ በላይ። «እንዲያውም የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እዳው በኔ ይሁን!»

ግራዝማች ወርደው መኪናዋን ዞሯት። ጠላ ሸተታቸው። ሸራውን ገለጡ። ጣታቸውን ስፖንዳው ላይ ሰደዱና የቅቤውን ወዝ አሻሹት፤ አሸተቱት።  ግራዝማች ጣታቸውን እንደያዙ ወደ ሀብትነሽ ዞሩ፤ አተኩረው አዩዋት።

እሷ አላቆመችም። ማቆምም አትችልም ነበር። ለማስመሰል የጀመረችው ጩኸት በአፏ ውስጥ እውነት ሆኖባታል። ያንን ሁሉ ሌሊት ግድግዳውን እያየች ያሰናዳችው ቃል ተራውን ጠብቆ ይወጣል። አደይ የምትባል ሴት በዚህ መኪና እንዳልተጫነች አሁን ታውቃለች፤ እያወቀችም ትጠላታለች። «እሷን ዞር ብሎ ያያታል! ለኔ ዓይኑን ይሰብራል! እኔ በሱ ደጅ ውሃ ተሸካሚ ነኝ እንጂ ምን ነኝ!» እንባዋ ከጠላው ጋር አገጯ ላይ ይወርዳል።

ግራዝማች ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ።

«ይህን እንባ ማንም አያስጠናትም» አሉ ለባንዳዎቹ። «እኛ ሽፍታ ስንፈልግ ይህ ጉድ!» ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ክንዱን በአለንጋቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት። «አንተ ሰው፣ ሚስትህን ሽማግሌ ልከህ ታረቅ። ከሽፍታ ጥይት የሷ ምላስ ይከፋል።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ክንዱ።

ኮቴው ከራቀ በኋላ እትዬ እህተ ማርያም አሁንም አጥሩ ላይ ናቸው።

«ሀብትነሽ፣ ልጄ… ያ የደፋሽው የማኅበሩ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ነገ ምን ልታጠጪን ነው?»

«ውሃም የለኝም፣ እትዬ።»

አሮጊቷ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «የኔን ጋን አስመጪ» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። «ቅናት! ቅናት እንዲህ ያደርጋል!»

*

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ግቢው ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ዝንቡ በአተላው ላይ ይርመሰመሳል። ሁለቱ መወጣጫው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ጥያቄው ሰላማዊ አልነበረም። «እነሱን አመንክ። ሊገድልህ የፎከረብህን የወንድሜን ሰዎች አመንክ። እኔን ግን ‹ግቢ› አልከኝ።»

«መጀመሪያ ቁስለኛ ያስጫኑኝ ዕለት አስማሉኝ።»

«መሐላህ ከሚስትህ ይበልጣል?»

ክንዱ የጠላው አረፋ የደረቀበትን መዳፉን አየ። «በማን እንዳስማሉኝ አልጠየቅሽም።»

«በማን?»

«በምትወደው ማል አሉኝ። ‹ብናገር ሀብትነሽ ትሙት› ብዬ ማልኩ።»

 ያ ሁሉ ሌሊት ጀርባውን የሰጣት ሰው የእሷን ዕድሜ ታቅፎ ነበር የሚተኛው። «ግቢ» ሲላት፣ ወስፌው ከእጁ ሲወድቅ፣ «አትጠይቂኝ» ሲል። እፍረት ከጉሮሮዋ ወጥቶ ጆሮዋን አቃጠለው።

«አሁን እኮ አወቅሁ» አለች በቀጭኑ። «እንግዲህ ልሙት ነው?»

«እኔ አልነገርኩሽም። አየሽ፤ ስሙንም አንቺ ነሽ የጠራሽው።» ከብዙ ቀን በኋላ ሲስቅ ሰማችው። ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ።

 ሀብትነሽ ሌላ ጥያቄ ነበራት። ጥያቄውን ፈራችው፤ መልሱን ደግሞ ከጥያቄው አብልጣ ፈራችው።

«ላቀው ስለ እኔ ጠየቀህ?»

ክንዱ ሊዋሻት ይችል ነበር። ሌላ ባል ይዋሽ ነበር።

«አልጠየቀም» አለ። «ሲጭኑት አየኝ፤ አወቀኝ። ዓይኑን ጨፈነ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልወጣውም።»

ሀብትነሽ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደሚገባት ሰው። ነጠላዋን ከመሬት አንሥታ አራገፈች።

«ሲያወርዱት ግን» አለ ክንዱ፣ «ሰዎቹ ቸኩለው ስፖንዳውን በጠመንጃ ሰደፍ ሊሰብሩት ሆነ። ያን ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ተቆጣቸው። ‹ቀስ በሉ! የአማቼን መኪና እንዳትሰብሩበት› አላቸው።»

«ምን አለ?»

«እንዳትሰብሩበት አለ።»

«እሱን አይደለም። ፊተኛውን።»

«የአማቼን መኪና።»

«ድገመው።»

«የአማቼን፣ አለ።»

ሀብትነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች። ክንዱ የደስታ እንባ መስሎት ተዋት። ደስታም ነበር። ከሥሩ ግን አሮጌው ነገር አልሞተም፤ ቦታውን ብቻ ለውጧል። አሁን የምትቀናው በዚያ በማታውቀው ጫካ፣ በማታውቀው ዛፍ ሥር ቆመው፣ ያንን ቃል ከወንድሟ አፍ፣ በገዛ ጆሯቸው በሰሙት ሰዎች ነበር።